ዊንተር ብሬክን በጀጎል

እዚህ ሮውሌት በዲሴምበር መጨረሻ ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ልጆቻችን «ዊንተር ብሬክ» ይሉታል። «የክረምት ዕረፍት» ብለን ብንተረጉመው አገር ቤት ያለ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይጠብቀናል፤ እዚያ ያኔ በጋ ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ዕረፍት አገር ቤት የማንሄደው ገና ስለሚያመልጠን ነው። የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 ይውላል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይከፈታል። ታዲያ ለበዓሉ ሳይሆን ለከተማው ብንሄድስ? እኛ ሐረርን መረጥን። ትልቋ ልጃችን ኮሌጅ ልትገባ ስለሆነ አራታችንም አብረን የምንጓዝበት ጊዜ እያለቀ ነበር።

መንገዱ ከዳላስ በዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በመኪና ተራራውን እየተጠማዘዙ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። (ቢጫ ካርድ ለሌላቸው ልጆች ቪዛ እንዳትረሱ።) ሐረር ደጋማ ስለሆነች የድሬዳዋ ሙቀት አይከተላችሁም፤ ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል።

የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ 5 ጥንታዊ በሮች አሉት። እኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ዩኔስኮ በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 ገብቶ 10 ቀን ሰንብቷል፤ እንግዲህ እሱም ከዊንተር ብሬክ ያልበለጠ ጊዜ ነበረው ማለት ነው። የራምቦን ሙዚየምና የራስ መኮንንን ቤት በአንድ ጠዋት ትጨርሳላችሁ።

ለልጆች ዋናው ነገር ግን እግር ነው። ሮውሌት ውስጥ ወተት ለመግዛት መኪና እናስነሣለን። ጀጎል ውስጥ አብዛኛው መተላለፊያ ለመኪና አይበቃም፤ የአሥር ዓመቱ ልጃችን በሁለተኛው ቀን ብቻውን ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበትን መንገድ «መኪና ግርግር» የሚሉት በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ መሆኑን የነገረን እሱ ነው።

ሆቴል ከመያዝ ይልቅ እንግዳ በሚቀበል የሐረሪ ቤት እደሩ። ሳሎኑ ነደባ የሚባሉ 5 ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግና በዕድሜ የተወሰነ ነው። በር ዘግቶ የሚጠፋበት የራሱ ክፍል ስለሌለው፣ ልጅ ሁሉ ወሬ መስማቱ የግድ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ ይቀባል። በከተማው እንደሚነገረው ቀለሙ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው።

«ያፈሰሰውስ ማን ነው?» አለች ልጄ፣ በእንግሊዝኛ።

የምኒልክ ጦር ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ስለ ዐድዋ የምነግራት ምኒልክ። የቤቱ እመቤት ቡና እየቀዱ ነበር፤ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። በአማርኛ መለስኩላት፣ እሳቸውም እንዲሰሙ። ጨለንቆ ከዐድዋ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ እንደነበር፣ አሚር አብዱላሂ ተሸንፈው ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር እንደገባች፣ ከዚያም ራስ መኮንን ገዥዋ ሆነው እንደተሾሙ ነገርኳት። ሴትዮዋ አልተቃወሙኝም፣ አላመሰገኑኝምም፤ ሲኒዋን ለልጄ አቀበሏትና «ስኳር ጨምሪ» አሏት።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚቀለብበት ወጣን። ሥጋው የተንጠለጠለበትን እንጨት መጀመሪያ የያዘችው እሷ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ከእናቱ ጀርባ ነበር።