በመንገድ ዳር የተጣለው ስጦታ

በኢንዶኔዥያ ሲነገር የኖረ አንድ ቀልድ አለ። ቀልዱን በይበልጥ ያዛመቱት የነህደቱል ዑለማ ማኅበር መሪ፣ ኋላም (ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ.) የሀገሪቱ ፕሬዝዳንት የነበሩት አብዱረሕማን ዋሒድ ናቸው። በኢንዶኔዥያ ጉቦ የማይበሉ ፖሊሶች ሦስት ብቻ ናቸው ይሉ ነበር። አንደኛው የፖሊስ ሐውልት ነው። ሁለተኛው መኪና ፍጥነቱን እንዲቀንስ አስፋልት ላይ የሚሠራው ጉብታ ነው፤ በሀገሬው ቋንቋ «የተኛ ፖሊስ» ይሉታል። ሦስተኛው ጄኔራል ሁገንግ ናቸው።

ውድ አንባብያን! ከሐውልትና ከጉብታ ጋር የተቆጠሩት እኚህ ሰው ለመሆኑ ማን ናቸው?

ሁገንግ ኢማም ሳንቶሶ በ1921 እ.ኤ.አ. በማዕከላዊ ጃቫ፣ ፔካሎንጋን በተባለች ከተማ ተወለዱ። ከ1968 እስከ 1971 የኢንዶኔዥያ ፖሊስ ጠቅላይ አዛዥ ነበሩ። ስማቸው የተጠራው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በ1956 የወንጀል ምርመራ ኃላፊ ሆነው በሰሜን ሱማትራ ወደምትገኘው ሜዳን ተመደቡ። ሜዳን ያን ጊዜ በቁማርና በኮንትሮባንድ የታወቀች ከተማ ነበረች። ገና ከመድረሳቸው የቁማር ከበርቴዎች መልእክተኛ ተቀብሎ፣ መኪናና ቤት እንደተዘጋጀላቸው ነገራቸው። እርሳቸው ግን የመንግሥቱ ቤት እስኪለቀቅ በሆቴል መቆየትን መረጡ። ቤቱ ተለቆ ቢገቡ ደግሞ ማቀዝቀዣ፣ ፒያኖና ውድ ሶፋ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ባለቤቶቹ ዕቃቸውን እንዲያነሡ ቀን ሰጧቸው። ቀኑ ሲያልፍ ፖሊሶችና ተሸካሚዎች ጠርተው ሁሉንም አስወጥተው መንገድ ዳር አስቀመጡት።

ጉቦ መቼም «ጉቦ ነኝ» ብሎ በር አያንኳኳም። «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ፣ «ለልጆች ነው» ተብሎ፣ «ለሻይ» ተብሎ ነው የሚመጣው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኢብኑል ሉትቢያን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ይህ ሰው ሲመለስ የሰበሰበውን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱን ለእናንተ፣ ሌላውን በስጦታ ለእኔ የተሰጠ ነው አለ። ነቢዩ ሚንበር ላይ ወጥተው ድርጊቱን አወገዙ። ሰውዬው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ሕዝቡን ጠየቁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለፖሊስም፣ ለጉምሩክ ሠራተኛም፣ ለእኛ ለመምህራንም ይሠራል። ፈተና ሲቀርብ ወላጅ የሚልክልንን እስቲ እናስብ።

ሁገንግ ይህን መለኪያ ከራሳቸው አልፈው ወደ ቤተሰባቸውም ወስደውታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆኑ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሜሪያቲ የአበባ ሱቅ ነበራቸው። ሁገንግ ሱቁ እንዲዘጋ ጠየቁ። አበባ መሸጥ ሐራም ሆኖ አልነበረም። ከመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ያለው ሁሉ አበባ ሊገዛ እንደሚሰለፍ ግን አስቀድሞ ታይቷቸዋል። ሱቁ ተዘጋ። የባለሥልጣን ሐቀኝነት ሲነገር የሚስት ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የዚህን ሱቅ ኪሳራ ግን አብረው ተሸክመውታል።

የፖሊስ አዛዥ ከሆኑ በኋላም ወደ ቢሮ ሲሄዱ መንገድ ተጨናንቆ ካዩ ወርደው ተሽከርካሪዎችን ራሳቸው ያስተናብሩ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ከባዱ ፈተና የመጣው በ1970 ነው። በዮግያካርታ ከተማ አንዲት ወጣት እንቁላል ሻጭ በመኪና ተጠልፋ ተደፈረች። በጉዳዩ የባለሥልጣን ልጆች ስም ተነሣ። ልጅቷ ግን በሐሰት ከሰሽ ተብላ ራሷ ተከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በነፃ ለቀቃት። ሁገንግ የማንም ልጅ ቢሆን ወደኋላ እንደማይሉ አሳውቀው በ1971 መጀመሪያ ልዩ የምርመራ ቡድን አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ጉዳዩ ከእርሳቸው እጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ከባድ ሰዎች ከኋላው አሉ የተባለ የውድ መኪኖች ኮንትሮባንድም ተከታተሉ።

በጥቅምት 1971 ፕሬዝዳንት ሱሃርቶ ከሥልጣን አነሷቸው። የተሰጠው ምክንያት ቦታውን ለወጣት ኃይል መልቀቅ የሚል ነበር። የተተኳቸው ጄኔራል ግን በዕድሜ ይበልጧቸው ነበር! በቤልጂየም አምባሳደር እንዲሆኑ ቢጠየቁ አልፈልግም አሉ።

ተማሪዎቼ «ታዲያ ሐቀኛ ሆነው ምን አተረፉ?» ሲሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሥርዓቱን አልለወጡትም፤ የዚያች ልጅ በዳዮችም በእርሳቸው እጅ ለፍርድ አልቀረቡም። ነገር ግን እንቁላል ሻጯ ሁሉም ውሸታም ባላት ጊዜ አቤቱታዋን እውነት ነው ብሎ እንዲመረመር ያዘዘ የፖሊስ አዛዥ አገኘች። እኔ ይህን ትንሽ ነገር ነው ማለት አልችልም።

ከሥራ ሲሰናበቱ የራሳቸው መኪና አልነበራቸውም። እንደሚነገረው የየክፍለ ሀገሩ የፖሊስ አዛዦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መኪና ገዙላቸው፤ ያኔ ፈርማ የሌላቸው፣ ቤታቸው የተቀመጡ ሰው ነበሩ። በ1980 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሙሐመድ ናጺር ከፈረሙበትና ሱሃርቶን ከተቸው «የሃምሳዎቹ አቤቱታ» ላይ ፊርማቸውን አኖሩ። ከዚያ ወዲህ በፖሊስ ቀን በዓል ላይ እንኳ እንዳይገኙ ተደረገ። በ2004 በ82 ዓመታቸው ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በጃካርታው የጀግኖች መካነ መቃብር ሳይሆን በቦጎር አካባቢ ነው። ከ2022 ጀምሮ የኢንዶኔዥያ ፖሊስ ከአንድ የዜና ተቋም ጋር በመሆን ለምስጉን ፖሊሶች በስማቸው ሽልማት መስጠት ጀምሯል።