አውቶማቲክ አንቴና ሲበላሽ

አውቶማቲክ የመኪና አንቴና ሬዲዮው ሲከፈት ከፓራፋንጎው ላይ ብቅ የሚል፣ ሲዘጋ ተመልሶ የሚገባ የብረት ዘንግ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትና ሰቃ በሚመላለሱ የቆዩ ላንድክሩዘሮችና የቤት መኪኖች ላይ ይታያል። አዳዲስ መኪኖች በአብዛኛው መስታወት ውስጥ የተቀበረ ወይም ጣሪያ ላይ የተተከለ አጭር አንቴና ስላላቸው ይህ ጣጣ የለባቸውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዘንጉ አንዱ በሌላው ውስጥ ከሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ ሲሆን፣ በውስጣቸው ጥርስ ያለው የናይለን ገመድ ያልፋል። ከታች ያለው ትንሽ ሞተር ገመዱን ሲገፋ ዘንጉ ይወጣል፤ ሲስበው ይገባል። ዘንጉ የሚረዝመውም በምክንያት ነው። በኤፍኤም 100 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ ለዚህ የሚስማማው አንቴና የሩቡን ያህል፣ ማለትም ወደ 75 ሴንቲሜትር ይሆናል። በተለይ ኮረብታና ሸለቆ በሚፈራረቅበት አገር ግማሽ ላይ የቀረ ዘንግ ጣቢያውን ጥርት አድርጎ አይዝም።

አንቴናው በብዛት የሚጎዳው በሦስት ምክንያት ነው። በቡና ማሳ ጥርጊያ መንገድ ላይ የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ዘንጉን ያጎብጠዋል። የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ዝናብ ደግሞ የውኃ ማስወገጃ ቱቦው በጭቃ ሲደፈን ሞተሩ ውስጥ ይጠራቀማል።

ብልሽቱን ለማወቅ መጀመሪያ ማዳመጥ ነው። ሬዲዮው ተከፍቶ ሞተሩ ያለችግር እየዞረ ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ጎብጦ ወይም ቆሽሾ ተይዟል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዙ፣ ሪሌውና ሽቦው ይፈተሻሉ። የመኪናው ቴፕ በሌላ ተቀይሮ ከሆነ አንቴናውን የሚያዘው ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው፣ ሳይገናኝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ በደንብ እየወጣ ድምፁ የሚንሿሿ ከሆነ ደግሞ የአንቴናው ኬብል ወይም ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ደህና ከሆነ ዘንጉንና ገመዱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሬዲዮው ዘንድ፣ ሌላው አንቴናው ዘንድ። ከላይ ያለው ዳዶ ከተፈታ በኋላ ሬዲዮው ሲከፈት ሞተሩ አሮጌውን ዘንግ ከነገመዱ ወደ ላይ ይገፋዋል። የወጣው ገመድ ከአዲሱ ጋር ይለካል፤ ካጠረ ቁራጩ ውስጥ ስለቀረ ሞተሩ ወርዶ ቤቱ መከፈት አለበት። ካላጠረ የአዲሱ ገመድ ጫፍ ጥርሱ ወደ ማርሹ ዞሮ ይገባና ሬዲዮው ይዘጋል። ሞተሩ ገመዱን ሲስብ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ማርሹ ገመዱን ካልያዘው ገመዱን በትንሹ ማዞር ነው። መጨረሻ ላይ ዳዶው ይጠብቃል፤ ሬዲዮው ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል።

ሽቦ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። የተቃጠለ ፊውዝ ተመሳሳይ አምፔር ባለው ይተካል እንጂ በሽቦ አይቀጠልም።

የወጣውን ዘንግ አልፎ አልፎ በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በጣም ቀጭን ዘይት መቀባት ዕድሜውን ያራዝመዋል። ግሪስ ግን አቧራ ይሰበስባል። ላቫጆ ወይም ቅርንጫፍ የበዛበት ጥርጊያ ከመግባት በፊት ሬዲዮውን መዝጋት ደግሞ ከጥገና ወጪ ያድናል።