ግብሩ በማን ስም ይጻፋል? ሸክሙስ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል?

ግብር ለመንግሥት ሥራ መሠረት መሆኑ አያከራክርም። መንገድ የሚጠረገው፣ ትምህርት ቤትና የሕክምና ጣቢያ የሚሠራው፣ ድንበር የሚጠብቀውም ወታደር ደመወዙንና ስንቁን የሚያገኘው ከሕዝብ በሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ሲነበብ ሁሉን በእኩል ዓይን የሚያይ መስሎ ሳለ፣ በአፈጻጸሙ ግን ከድኻው አብዝቶ ከባለጠጋው አሳንሶ የሚወስድ የግብር ሥርዓት በብዙ አገሮች ታይቷል። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከ1934 እስከ 1967 ዓ.ም. በአገራችን በሥራ ላይ የነበረው የመሬት ግብር በቂ ትምህርት ይሰጠናል።

ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ በለም ጠፍ 10 ብር፣ በጠፍ 5 ብር እንዲከፈል ደነገገ። የጋሻ ስፋት እንደየአገሩ ልማድ ቢለያይም በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። ብዙ የሚያፈራ መሬት ብዙ፣ ጥቂት የሚያፈራ ጥቂት ይክፈል የሚለው አሳብ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። ችግሩ የሚጀምረው መሬቱን የለካው ማን ነው፣ ደረጃውንስ የመደበው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ብዙው መሬት ቀላድ ያልተጣለበት፣ በዓይን ግምት ብቻ በመዝገብ የገባ ነበር። ገማቾቹም ከባላባቱና ከሹማምንቱ ወገን የተመረጡ፣ ወይም እነርሱን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። በመሆኑም የኃይለኛው ሰው ለም መሬት በመዝገብ ላይ ጠፍ ሆኖ፣ ሰፊው ርስቱም ጥቂት ጋሻ ሆኖ መጻፉ የተለመደ ነገር ሆነ። ደጅ የሚጠናለት የሌለው ባለ ትንሽ መሬት ግን ያለው ሁሉ ሳይጓደል ይቆጠርበት ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረው እንዲህ ያለውን ጉዳይ አቤት የሚሉበት ቦታ በመጥፋቱ ጭምር ነው።

ከዚህም በላይ ተመኑ አንድ ጋሻ ያለውንና መቶ ጋሻ ያለውን በጋሻ ያው አድርጎ ያስከፍል ነበር። ሀብት በጨመረ ቁጥር የግብሩ መጠን ከፍ የሚልበት ደረጃ አልነበረውም። ከመንገድ ዳር ያለው፣ ለገበያ የቀረበው፣ ቡና የሚለቀምበትም መሬት ዋጋው ምን ያህል እንደናረ ሳይታይ በዚያው በጥንቱ ተመን ይቆጠር ነበር።

የአሥራት ምሥጢር

በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ከእህሉ ከዐሥር አንድ እየተባለ በዓይነት ይወሰድ የነበረውን አሥራት በተቆረጠ ገንዘብ እንዲተካ አደረገ። ይህን ከፋዩ ባለመሬቱ እንደሆነ በሕግ ተጽፏል። በተግባር የሆነውን ግን እንመልከት። ባለመሬቱ ከጭሰኞቹ አሥራቱን እንደ ጥንቱ በእህል ይሰበስባል፤ ለመንግሥት ግን የተቆረጠውን ብር ብቻ ያስገባል። የእህል ዋጋ በወጣ ቁጥር የጎተራው እህል ዋጋ ይጨምራል፤ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባው ብር ግን አይነቃነቅም። በመካከል ያለው ልዩነት የባለመሬቱ ትርፍ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በመዝገብ ግብር ከፋይ ተብሎ የተጻፈው ሰው በግብሩ የሚያተርፍ፣ ስሙ በመዝገብ የሌለው ጭሰኛ ደግሞ እውነተኛው ከፋይ ሆኖ ይገኝ ነበር።

ጭሰኛው ይህን የሚከፍለው እርቦውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ካካፈለ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የባለመሬቱ ድርሻ ከምርቱ ከአራት ሦስት እጅ እንዳይበልጥ በማለት የገደበ ስለሆነ፣ ሕጉ የፈቀደው ወሰን ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የትምህርት ግብር በ1940 ዓ.ም.፣ ቆይቶም የጤና ግብር በዚሁ በመሬት ላይ ተጨመሩ። ስማቸው መልካም ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ በብዛት የሚሠሩት በከተማ ስለነበር፣ የገጠሩ ሰው ልጁ ለማይማርበት ትምህርት ቤትና እርሱ ለማይታከምበት ሆስፒታል ይከፍል ነበር። የርስተ ጉልት ባለቤቶችም በጉልታቸው ውስጥ ያለውን የሕዝብ ግብር ራሳቸው እየሰበሰቡ ከፊሉን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር፤ ይህ ልማድ በአዋጅ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው።

የ1960 ዓ.ም. ሙከራና ያስከተለው ደም

ይህን የተዛባ ሁኔታ ለማስተካከል ተብሎ በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ግብሩ በመሬቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን በገቢው መጠን እንዲሆን፣ ገቢው ከፍ ባለ ቁጥርም መጠኑ ከፍ እንዲል የሚያዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ሆኖም አዋጁ በቀረበበት ፓርላማ ውስጥ ባለመሬቶቹ ራሳቸው ስለነበሩ የሚጎዳቸውን ክፍል ማለዘባቸው አልቀረም። ገቢውን የሚገምቱትም ዳግመኛ የየአገሩ ተሰሚ ሰዎች ሆኑ። ስለዚህ ሕጉ ቢለወጥም ሚዛኑን የያዘው እጅ አልተለወጠም።

የጎጃም ገበሬ ይህን አዋጅ በጥርጣሬ ተቀበለው። በ1937ቱ አዋጅ ጎጃም፣ ትግሬና በጌምድር በጥንቱ ልማድ መሠረት እንዲከፍሉ ተትተው ስለነበር፣ ገማቾች ወደ መንደሩ ሲመጡ ገበሬው ቀላድ ተጥሎ ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ሠጋ። ከሹማምንቱ ግፍ ጋር ተደራርቦ ነገሩ በዚያው ዓመት ወደ አመፅ ተለወጠ። መንግሥቱም ጦር አዘመተ፤ የጦር አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። በባሌም ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በቆየው አመፅ ውስጥ የግብሩ ክብደትና የመሬቱ መነጠቅ ከዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል ነበሩ። ውዝፍ ግብር ያለበት መሬት ለመንግሥት ገቢ እየሆነ ለሌላ ይሰጥ ስለነበር፣ መክፈል ያቃተው ሰው ርስቱን ያጣል፤ ገንዘብና ሥልጣን ያለው ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምራል።

በእነዚህ ዘመቻዎች የተሰለፈው ወታደር አብዛኛው የገበሬ ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አባቱ በመንደሩ የሚያለቅስበትን ግብር በሌላ መንደር ለማስከበር ጠመንጃ ተሸክሞ ወጣ። ያልተስተካከለ ግብር ወንድምን ከወንድሙ ጋር የሚያጋድል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የማይታየው ግብር

የከተማው ነዋሪ ይህ የገጠር ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ከባለመሬቱ ያልተገኘው ገንዘብ ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት፤ የመጣውም በብዛት ከጉምሩክና ከሸቀጥ ላይ ከሚወሰደው ግብር ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና አቡጀዲ የሚገዛ ሁሉ ሳያውቀው ይከፍላል። በወር 50 ብር የሚያገኝ ወታደርና በወር 5,000 ብር የሚያገኝ ባለሀብት በሚገዙት ጨውና ስኳር ላይ እያንዳንዳቸው 1 ብር ግብር ቢከፍሉ፣ ለወታደሩ ከመቶ ሁለት እጅ ሲሆን ለባለሀብቱ ግን ከዐሥር ሺህ ሁለት ነው። በቁጥር እኩል የሆነው በኑሮ ላይ እኩል አይደለም።

ደመወዝተኛም ሌላ ችግር አለበት። ግብሩ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ከመዝገብ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ የሚሸሽግበት ቀዳዳ የለውም። ከኪራይና ከንግድ የሚያገኘው ግን ገቢውን አስታዋቂው ራሱ ስለሆነ፣ የሒሳብ አዋቂ ቀጥሮ ትርፉን ማሳነስ አያቅተውም።

ከለውጡ በኋላ

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የባለመሬቱና የጭሰኛው ግንኙነት ከነአሥራቱ ተሻረ። ይህ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሸክሙ ጥያቄ በዚህ አላበቃም። ቀጥሎ በመጣው ዘመን ገበሬው ከገበያው ዋጋ በታች በተወሰነ ተመን እህሉን በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያቀርብ ሲገደድ፣ ልዩነቱ ግብር የሚል ስም ሳይኖረው ግብር ሆነበት። የኮታው አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። ባለመሬቱ ከመካከል ቢወጣም ገበሬው የራሱን ምርት ዋጋ ለመወሰን ድምፅ አላገኘም ነበር።

በቅርቡ ዘመን የሆነውም ከዚሁ ጋር የሚነጻጸር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ሲሆን፣ አንዳንድ መሠረታዊ ነገሮች ነፃ ቢደረጉም ገዢውን ድኻም ሆነ ሀብታም በአንድ መጠን ያስከፍላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 600 ብር ያለውን ደመወዝ ነፃ አድርጎ፣ ከ10,900 ብር በላይ በሆነው ላይ 35 ከመቶ ጣለ፤ ከአክሲዮን ትርፍ ድርሻ ላይ የሚወሰደው ግን በዚሁ አዋጅ 10 ከመቶ ብቻ ነበር። ወሰኖቹ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሳይነኩ ሲቆዩ የገበያው ዋጋ ዕለት በዕለት ወጣ። በዚህም ምክንያት ለኑሮ ውድነት ማካካሻ ተብሎ ጥቂት የተጨመረለት መምህርና ወታደር፣ የሚገዛው እንጀራ ሳይበዛ ወደ ላይኛው የግብር ደረጃ ተገፋ። በ2017 ዓ.ም. ነፃው ወሰን 2,000 ብር፣ 35 ከመቶ የሚጀምርበትም 14,000 ብር እንዲሆን ተሻሽሏል። ማሻሻያው ተገቢ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መምጣቱ ግን በመካከል የተከፈለውን አይመልስም።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? የግብር ሕግ ፍትሐዊ መሆኑ የሚለካው በተጻፈው ቃል ብቻ እንዳልሆነ ነው። ገማቹ ማን ነው? ከፋይ ተብሎ የተጻፈው ሰው ሸክሙን ለሌላ ማሻገር ይችላልን? ዋጋ ሲለወጥ ተመኑ አብሮ ይለወጣልን? የተበደለስ አቤት የሚልበት ቦታ አለውን? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በየዘመኑና በየአስተዳደሩ መጠየቅ አለባቸው። ግብሩን በወቅቱ የሚከፍል ገበሬ፣ ወታደርና የከተማ ነዋሪ መልሱን የማወቅ መብት አለው። ያለውን አቅም ያህል የሚከፍል ሕዝብ፣ ጎረቤቱም በአቅሙ መክፈሉን ሲያይ ግብሩን ሳያጉረመርም ይሰጣል፤ ይህን ካላየ ግን የሚሆነውን የጎጃምና የባሌ ታሪክ አስቀድሞ ነግሮናል።