እጅን በሳሙና መታጠብ ሕመምን እንደሚያቀልል

በንግድ ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው እጁ ዕረፍት የለውም። ከጧት እስከ ማታ ገንዘብ ይቀበላል፤ መልስ ይሰጣል፤ ሚዛን ያነሣል፤ ዕቃ ይጠቀልላል፤ ደንበኛውንም ይጨብጣል። ብዙ ሰው የነካውን የሚነካ እጅ ደግሞ፥ አፍንና አፍንጫን በዳሰሰ ቍጥር የሌላውን ሕመም ወደ ባለቤቱ ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ጉዳይ በብዙዎች ዘንድ ያለው አሳብ፥ እጅን መታጠብ ሕመምን ወይ ፈጽሞ ይከለክላል፥ ወይም ከቶ አይጠቅምም የሚል ነው። እየታጠበ ጉንፋን የያዘው ሰው ልማዱን የሚተወውም ስለዚህ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፖል ሊትልና ባልደረቦቻቸው፥ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችን በዕጣ በሁለት ወገን ከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን ስለ እጅ መታጠብ በኢንተርኔት አማካይነት ምክር ሰጡ፤ ሁለተኛውን ግን እንደ ልማዱ ተዉት። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት እንደ ተገለጠው፥ በ16 ሳምንት ውስጥ የመተንፈሻ አካል ሕመም የደረሰባቸው ከተመከሩት ከመቶ 51፥ ካልተመከሩት ከመቶ 59 ነበሩ። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው፥ ከተመከሩት መካከል የታመሙት እንኳ ሕመማቸው ቶሎ የሚለቃቸው፥ የሚጠናባቸውም ቀን ያነሰ መሆኑ ነው። ወደ ሰውነት የሚገባው ቫይረስ ጥቂት ሲሆን፥ ሰውነት ለመከላከል ፋታ ሳያገኝ አይቀርም ተብሎ ይገመታል።

የሳሙናም አሠራር ግልጽ ነው። የኢንፍሉዌንዛና የኮሮና ቫይረሶች በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ስለሆኑ፥ ሳሙና ሽፋናቸውን አፍርሶ ያጠፋቸዋል። ተራውን ጉንፋን ከሚያመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ይህ ሽፋን ባይኖራቸውም፥ ሳሙናው ከቆዳ ያላቅቃቸዋል፤ ውሃውም ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ እጅን አርጥቦ ወዲያው ማድረቅ አይበቃም፤ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ጭምር ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ማሸት ያስፈልጋል። እነዚህ ሕመሞች በትንፋሽም ስለሚተላለፉ፥ የሱቅን መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባትና ሲያስሉ አፍን መሸፈን አብሮ መዘንጋት የለበትም።

እኛ ለዚህ ልማድ እንግዶች አይደለንም። ከማዕድ በፊትና በኋላ እንግዳን እጅ ማስታጠብ የቆየ ሥርዓታችን ነው። የኮሮና ሕመም በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ፥ ይኸው ሥርዓት ከማዕድ ወደ ገበያ ወጥቶ፥ በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ የውሃ በርሜልና ሳሙና ተቀመጠ። ሥጋቱ ሲበርድ ግን ብዙው በርሜል ከሥፍራው ተነሣ። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ግን ከመካከላችን አልተነሡም።

ሱቁን ብቻውን ለሚጠብቅ አነስተኛ ነጋዴ፥ በቀን ደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛም፥ ሁለት ቀን መተኛትና ሳምንት መተኛት አንድ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቤት ኪራይ፥ የልጆች ቀለብና የደንበኛ እምነት ነው። ስለሆነም ነጋዴዎቻችን በየሱቃቸው፥ በየመጋዘናቸውና በየጽሕፈት ቤታቸው ውሃና ሳሙና ዘወትር እንዳይታጣ ቢያደርጉ፥ ለሠራተኞቻቸውም ገንዘብ ቈጥረው ወደ ምግብ ከመቅረባቸው በፊት የሚታጠቡበትን ጊዜ ቢፈቅዱ፥ የሚያወጡት ገንዘብ ጥቂት፥ የሚያተርፉት ግን የሥራ ቀን ይሆናል።