ልጅን ለአናጢ መዳር

የአንድን ሙያ ክብር ገቢው ብቻ አይነግረንም። ወላጅ ሴት ልጁን ለባለሙያው ይድራል ወይ? ወንድ ልጁንስ ሙያውን ተማር ይለዋል ወይ? እንጨት ሥራ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲፈተን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ፈተናው ዛሬም አላለቀም።

ድሮ ጉዳዩ የዘር ነበር። በጉራጌ ምሰሶ የሚጠርበው፣ የእንጨት ዕቃ የሚፈለፍለው ፉጋ ይባል የነበረው ወገን ነበር። ቤት ያለ እሱ አይቆምም ነበር፤ መሬት ግን አይሰጠውም፣ ጋብቻማ የማይታሰብ ነበር። በሲዳማም ሸክላ ሠሪው ሐዲቾ፣ ብረት ቀጥቃጩ ጡምቲቾና ቆዳ ፋቂው አዋቾ ተመሳሳይ አጥር ውስጥ ኖረዋል። ሰሜኑም ከዚህ አልጸዳም፤ በጎንደር በግንበኝነትና በአናጢነት ነገሥታቱን ያገለገሉት ቤተ እስራኤላውያን በአብዛኛው ርስት አልባ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ መድረሱ ያሳዝነኛል፤ አዋጁ በመነገሩ ግን እኮራለሁ።

በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ ሲከፈት የእጅ ሙያ ትምህርት ቤትና ምስክር ወረቀት አገኘ። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ቤት የሚሠራባት አዲስ ከተማ ሆነች። በእንዲህ ያለ ከተማ በርና መስኮት የሚያስገጥም ሰው የአናጢውን ትውልድ አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው መቼ እንደሚያደርስለት ነው። ደርግም ላብ አደሩን አወድሶ የእጅ ባለሙያውን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጀ።

የዘር ንቀቱ ሲላላ ግን በፈተና ወረቀት በኩል ሌላ ንቀት ገባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ የ10ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ መሰናዶ፣ ነጥብ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ገባ። «ቴክኒክ ገባ» ማለት በየሰፈሩ «ወደቀ» ከማለት እኩል ሆነ። እጁ ለእንጨት የተፈጠረ ልጅ እናቱ ለጎረቤት ልትናገርለት አፈረች። ከዚህ የከፋ በደል በሙያው ላይ የተሠራ አይመስለኝም። የዘር ስድቡን አዋጅ ተቃውሞታል፤ ይህኛውን ግን ሥርዓቱ ራሱ አጸናው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለእንጨትና ብረታ ብረት ማኅበራት ብዙ ሥራ ቢሰጥም ማኅበራቱ የተደራጁበት «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚለው ስም ራሱ ሥራ ያጣ ሰው መጠጊያ ተደርጎ ታየ።

ነፋሱ የዞረው ዲግሪ የያዘው ልጅ ሥራ ፈትቶ ቤት ሲቀመጥ ነው። በዚያ ላይ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣ፤ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፣ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በዚያው 2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ። «እንጨት ሥራ ያበላል ወይ?» የሚል ወላጅ ዛሬ የምሩን ነው የሚጠይቀው።

ለውጡ ያስደስተኛል፤ ክብሩ ማንን እያገኘ እንደሆነ ሳይ ግን ደስታዬ ይጎድላል። በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ወጣት የወንበር እግር ሲያዋድድ ቆሜ አይቻለሁ። ጉድጓዱን በመሮ ቆፈረ፣ እግሩን ሰካው፣ ነቀለው፤ ከአንዱ ጎን የወረቀት ውፍረት የምታህል ላጠ፣ እንደገና ሰካው። ያለ ምስማር ገጠመ፤ ኮላ የቀባው ከዚያ በኋላ ነው። ገዢው የሚያየው ግን ቬርኒሹን ነው። ኤምዲኤፍ የሚባለውን የፋብሪካ ሰሌዳ ቆርጦ ጠርዝ የሚለጥፍም ያንን ወንበር የሚያዋድድም ለእሱ እኩል ነው። ሰፈሩ «አቶ» ብሎ የሚያከብረው የፈርኒቸር ቤቱን ባለቤት ነው፤ በቁራጭ ሒሳብ የሚሠራው ባለ እጅ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው።

እንጨቱም አልረዳውም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ እየተመናመኑ በመሄዳቸው የ1986ቱ የደን አዋጅ ጥበቃ ሰጥቷቸው ነበር፤ ተገቢም ነው። የእጅ ጥበብን የሚፈልገው ጥሩ እንጨት ሲወደድ ግን ለልምምድ የሚተርፍ ቁራጭ ጠፋ፤ ተለማማጁ ከማዋደድ ይልቅ መለጠፍን ይማራል።

ሚዛኑ ከተቀየረ የሚታየው ምዝገባው ላይ ነው። ጥሩ ነጥብ ያመጣ ልጅ ወዶና መርጦ እንጨት ሥራ ሲገባ፣ ቤተሰቡም ደግሶ ሲሸኘው አላየሁም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አብዛኛውን ሰልጣኝ የሚያገኙት ዛሬም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ከተቆረጠ በኋላ፣ ከመስመሩ በታች ከቀሩት ነው።