ያውቁ ኖሯል? ሠራተኛን መስደብ ያሳስር ነበር

አቃቂ ቃሊቲ ዛሬ ብረት የሚቀልጥበትና ጨርቅ የሚመረትበት የፋብሪካ አካባቢ ነው። ድሮ ግን እነዚሁ ሙያዎች መሰደቢያ ነበሩ፦ ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። መጻፍ የሚችለው እንኳ «ጠንቋይ» ከመባል አላመለጠም! አገር የሚያለብሰውንና ማረሻ የሚሠራውን እጅ ማዋረድ እንዴት ያሳዝናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ይህን ከለከሉ። ባለሙያን በሥራው የሰደበ ራሳቸውን ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቆጠረ፤ ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ክብራቸውን ከቀጥቃጩ ክብር ጋር ማስተሳሰራቸው ከቅጣቱ ይበልጥ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬም ስድብ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 615 መሠረት በተበዳዩ አቤቱታ ያስጠይቃል።