ቆሼ ከመድረሱ በፊት
የአሮጌ ላፕቶፕ ሜሞሪና ፕሮሰሰር

በጅማ መንገድ ላይ የሚገኘው ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። አለርት የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውም እዚሁ ነው። ሰፈሩ ሌላም ጎረቤት አለው፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲደፋበት የኖረው ቆሼ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ለቅሶው የተቀመጠው በእነዚህ መንደሮች ነበር። ስለዚህ ዘነበወርቅ በሚገኝበት በኮልፌ ቀራኒዮ «ይጣል» የሚለው ቃል የሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል። ሊቲየም ባትሪ የያዘ ላፕቶፕ ደግሞ መጣል ከሌለባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው።

ታዲያ «ዘገየ» ተብሎ የሚጣለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ገና የሚሠራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ በብዛት አሉ። እነዚህ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመታት አገልግለው በአዲስ የተተኩ ናቸው። ለቢሮ ስለተሠሩም ክዳናቸው በቀላሉ ይፈታል፤ አካላቸውም ይቀየራል። የዘገየ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ግን ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ፕሮሰሰሩ ይቀየርልኝ» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ማሽኑ የታነቀው የት ላይ ነው የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ባለቤቱ እንደ ወትሮው ክሮምን፣ ወርድንና ቴሌግራምን ከፍቶ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫን ታስክ ማናጀር ይመጣል። ሜሞሪው 90 በመቶ ሞልቶ ፕሮሰሰሩ 20 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ዊንዶውስ ሜሞሪው ሲሞላበት የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸጋግራል። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ መረጃ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ሜሞሪ ያንኑ ሥራ ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ሊጨርስ ይችላል። ሰዓቷ እየዞረች ሰው የሚበሳጨው በዚህ ምክንያት ነው። የላፕቶፑን ሜሞሪ ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 ማሳደግና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት የትኛውም ፕሮሰሰር የማያመጣውን ለውጥ ያመጣል።

ሜሞሪ ሲገዛ ዓይነቱ ይለያያል። ዲዲአር 2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር 3 በ1.5፣ ዲዲአር 4 በ1.2 ይሠራል። የእያንዳንዱ ጥርስ ክፍተት ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ ውስጥ አይገባም። አሳሳቹ በመካከል ያለው ዲዲአር 3 ኤል ነው። በመልክ ከዲዲአር 3 አይለይም፤ የሚሠራው ግን በ1.35 ቮልት ነው። ኢንቴል አራተኛ ትውልድ የያዙ ላፕቶፖች የሚፈልጉት እሱን ስለሆነ ባለ 1.5 ቮልቱ ሲገባባቸው ብዙዎቹ ጭራሽ አይነሱም። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለው ሜሞሪ ያለ ሥራ ይቀመጣል። አንድ ትልቅ ከመሰካት ይልቅ እኩል የሆኑ ሁለት ሜሞሪዎችን መሰካት የተሻለ ነው፤ በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስሉም ከዚያው ሜሞሪ ስለሚበደር።

ፕሮሰሰርን መቀየር የሚቻለው ግን በአንድ ዘመን ማሽኖች ላይ ብቻ ነው። እስከ 2013 እና 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ፕሮሰሰራቸው በሶኬት ላይ የተቀመጠ ነበር። ከኢንቴል አምስተኛ ትውልድ ጀምሮ ግን የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደው መጡ። በስሙ መጨረሻ «ዩ» ያለበት ከዚያ በፊትም ብየዳ ነው። «ኤም» ያለበት ብዙውን ጊዜ ሶኬት አለው፤ ቢሆንም ከመግዛት በፊት ሲፒዩ ዜድ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ዓመት የወጡት ቲንክፓድ ቲ 440 እና ቲ 440 ፒ እንኳ በዚህ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ተበይዷል፣ ሁለተኛው ይነቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ቲ 420 እንውሰድ። ኮር አይ 3 2310 ኤም ይዞ የመጣውን በአይ 7 2640 ኤም መተካት ይቻላል፤ ሁለቱም 35 ዋት ስለሆኑ ፋኑም ቻርጀሩም አይጨናነቁም። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር ሲገባ ግን ፍጆታው 45 ዋት ይደርሳል፤ ለ35 ዋት የተሠራው ማቀዝቀዣ ይህን ሙቀት በቀላሉ አይችለውም። የኢንቴልን ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሶኬቱ ቢቀበለውም የፋብሪካው ባዮስ አያውቀውም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው «ከገባ ይሠራል» ብሎ ነው። በሜሞሪ በኩል ግን ቲ 420 ቸር ነው፤ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይቀበላል።

ፕሮሰሰር የመቀየሩ ሥራ ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ባትሪው ይወጣል፤ የማስነሻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ ጠጋኙም ብረት ነክቶ ከሰውነቱ ስታቲኩን ያስወግዳል። የሙቀት ማስተላለፊያው ብሎኖች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይፈታሉ። በፕሮሰሰሩና በሙቀት ማስተላለፊያው መካከል ያለው አሮጌ ቅባት በአልኮል ይጠረጋል። የሶኬቱ ቁልፍ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ግማሽ ዙር ሲዞር ፕሮሰሰሩ ያለ ጉልበት ይነሳል፤ አዲሱ ደግሞ የወርቅማዋ ሦስት ማዕዘን ምልክት ገጥማ ይቀመጣል። ከላዩ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት ትበቃዋለች። ክዳኑ ከተከፈተ ላይቀር ፋኑን ከአቧራ ማጽዳት ይገባል፤ በአቧራ የታፈነ ፕሮሰሰር ራሱን ከሙቀት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም አርጅቷል ብሎ ይደመድማል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ እነ ቲ 420 ምን ያህል ሜሞሪ ቢጨመርላቸው ይህን በር አያልፉም። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ሲጫንባቸው ግን በየጊዜው የሚታደስ ሥርዓት ያገኛሉ፤ በአማርኛ መጻፍም ይቻላል። ለተማሪና ለጽሕፈት ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ያገለገለ ሜሞሪ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሜምቴስት የተባለውን ነፃ መፈተሻ በፍላሽ አስነስቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ማስኬድ አለበት። አንዲት ቀይ መስመር ከታየች ሜሞሪው ተነቅሎ ለሻጩ ይመለሳል።